የስድስት ዓመቷ ልጄ የኋላ መንጋጋ ተቦረቦረ፤ «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ይሉኛል። ልተወው?

አዳማ_እናት | ሰኞ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ትናንት ማታ ጥርሷን ሳጸዳላት ከታች በቀኝ በኩል፣ ከሁሉም ኋላ ባለው መንጋጋ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። ምግብ መስሎኝ በቡርሹ ደጋግሜ አሸሁት፤ አልለቅ አለኝ። በስልኬ መብራት ሳየው በመንጋጋው አናት ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገባ ብሏል። ዙሪያው እንደ ሌላው ጥርሷ አያበራም። ነጣ ብሎ ደብዝዟል።

ያምሻል ወይ ስላት አያመኝም ትላለች። ግን ጣፋጭ ነገር ስትበላ በዚያ በኩል እንደማታኝክ ልብ ብያለሁ። እናቴም ባለቤቴም «የወተት ጥርስ ነው፣ ነገ ተነገ ወዲያ ይወልቃል፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት» ይሉኛል። እኔ ግን አላስቻለኝም።

ከረሜላ ብዙም አልገዛላትም። ጠዋት ሻይ በዳቦ ትበላለች፤ ለትምህርት ቤት ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ እቋጥርላታለሁ። የምትቦርሸው ጠዋት ጠዋት ነው። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ወይስ እስኪወልቅ ልጠብቅ? ደግሞስ ጥርስ እንዲህ የሚሆነው ለምንድነው?

ሳሪስ_አቦ | ሰኞ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ አትጨነቂ። የኔም ልጅ እንደዚሁ ጠቁሮባት ነበር፣ ወለቀና ነጭ አዲስ ጥርስ በቀለ። ለሚወልቅ ጥርስ ብር አታፍስሺ።

ጥርስ_ሐኪም | ሰኞ ከምሽቱ 4፡02

አዳማ_እናት፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ቁጠሪልኝ። የታችኛውን መንጋጋ ከመሃል ጀምረሽ ወደ ቀኝ ሂጂ። የፊት ሁለቱን፣ ክራንቻውን፣ ከዚያ መንጋጋዎቹን። ጥቁሩ ያለበት ስንተኛ ነው? ከዚያ ቦታ ከዚህ በፊት የወለቀ ጥርስ አለ?

አዳማ_እናት | ሰኞ ከምሽቱ 4፡15

አሁን ተኝታ እያለች ቀስ ብዬ ቆጠርኩ። ስድስተኛ ነው። ከዚያ የወለቀ የለም፤ የወለቁት ከፊት የታችኞቹ ብቻ ናቸው። ባለፈው ዓመት ግን እዚያ ጋ ድዴን አመመኝ ስትል ነበር።

ጥርስ_ሐኪም | ሰኞ ከምሽቱ 4፡50

እንግዲያው የወተት ጥርስ አይደለም። ቋሚ ነው።

የወተት ጥርስ በጠቅላላው 20 ነው። በአፍ አንድ ሩብ አምስት አምስት ማለት ነው፤ ሁለት የፊት፣ አንድ ክራንቻ፣ ሁለት መንጋጋ። ስድስተኛ የሚባል የወተት ጥርስ የለም። ስድስተኛው፣ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው አካባቢ ከሁሉም ኋላ ብቅ የሚለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነው። የሚበቅለው የማንንም ቦታ ሳይወስድ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ነው። ለዚህ ነው ወላጅ የማያውቀው። ልጅቷ ድዴን አመመኝ ያለችሽም ያኔ እየበቀለ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም። ይህ ጥርስ ዕድሜ ልኳን የምታኝክበት ነው፤ ከተነቀለ ተተኪ የለውም። ክሊኒኬ ከሚመጡ ልጆች ብዙዎቹ «የወተት ነው» ተብሎ የተተወው ይኸው ጥርስ ነው አልቆ የሚመጣው። በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው።

አሁን ለምን ይቦረቦራል ላልሽው። በጥርስ ላይ ሁልጊዜ የሚለጠፍ ሙልጭልጭ ስስ ነገር አለ። ጠዋት ስትነሺ በምላስሽ የምትዳስሺው እሱ ነው፤ ፕላክ ይባላል። ውስጡ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። በስም የሚታወቀው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ነው፣ ግን ብቻውን አይሠራም። ስኳር አፍ ውስጥ ሲገባ እነዚህ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አሲድ ይቀይሩታል። የጥርሱ ወለል ላይ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል ከሚባለው ጠንካራ ሽፋን ካልሲየምና ፎስፌት የሚባሉ ማዕድናት እየሟሙ ይወጣሉ። ከዚያ ምራቅ ሥራውን ይጀምራል። አሲዱን ያረግባል፣ የወጣውን ማዕድን ይመልሳል። ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ስለዚህ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ድግግሞሹ ነው ጥርስን የሚጎዳው። አንድ ልጅ ከረሜላውን በአንድ ጊዜ በልቶ ከጨረሰ ጥርሱ አንዴ ይጎዳል፣ ከዚያ ያገግማል። ጠዋት ሻይ በስኳር፣ በእረፍት ብስኩት፣ ከዚያ ጭማቂውን እየተጎነጨች እስከ ምሳ ከቆየች ግን ምራቋ ለመጠገን ጊዜ አያገኝም። ብስኩት ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ ተለጥፎ ይቆያል።

የመጀመሪያው ምልክት ጥቁር አይደለም። ነጭ ነው። ያ ዙሪያውን ደብዝዟል ያልሽው ማዕድኑ እየወጣ ያለ ኢናሜል ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ወለሉ ገና ስላልፈረሰ በፍሎራይድ (በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባው ማዕድን) እና በጽዳት ይመለሳል። ወለሉ ፈርሶ ቀዳዳ ከሆነ በኋላ ግን በራሱ አይሞላም። ኢናሜል ነርቭ የለውም፤ ስለዚህ አያምም። ቀጥሎ ያለው ዴንቲን ነው። እሱ ለስላሳ ስለሆነ መበስበሱ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ምስጥ እንደ በላው እንጨት ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ታያለሽ፣ ውስጡ ግን ተበልቷል። ዴንቲን ላይ ሲደርስ ነው ጣፋጭና ቀዝቃዛ የሚሰማው። ልጅሽ በዚያ በኩል አለማኘኳ ይህን ያስጠረጥረኛል።

እናም አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ራጅ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ውሰጃት።

ሳሪስ_አቦ | ሰኞ ከምሽቱ 5፡05

ዶክተር አመሰግናለሁ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ነገ ማለዳ የሁለቱንም ልጆቼን እቆጥራለሁ።

እማማ_ደብረ_ብርሃን | ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡40

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። በኛ ጊዜ ጥርስ የሚበላው ትል ነው ይባል ነበር። ሲያመን የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ተደርጎ ጭሱን በአፋችን እንሞቃለን። ከዚያ ትሉ ወጣ ይሉናል፤ ነጭ ነጭ ነገር ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ሕመሙም ለጊዜው ይተው ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ውሸት ነው? ዛሬ የቀሩኝ ጥርሶች ጥቂት ናቸው፤ የልጅ ልጆቼ እንደኔ እንዳይሆኑ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ጥርስ_ሐኪም | ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያዩት ነገር ውሸት አይደለም፣ ግን ትል አልነበረም። በጥርስ ውስጥ ትል አለ የሚለው እምነት ከጥንት ባቢሎን ጀምሮ የነበረ ነው። በአውሮፓም እንደዚሁ የዘር ጭስ ይሞቁ ነበር። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ነገር ተመርምሮ ሲታይ በሙቀቱ ከዘሩ ውስጥ ፈንድቶ የወጣ የቡቃያው ጫፍ ሆኖ ተገኘ። ፒየር ፎሻር የተባለው ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ የትሉን ነገር እንዳልተቀበለው ጽፏል፤ በአጉሊ መነጽር ፈልጎ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ፣ በርሊን ሆኖ ሲሠራ፣ ባክቴሪያ ከምግብ አሲድ እንደሚሠራና ጥርስን እንደሚያሟሟ አሳየ።

ሕመሙ ለጊዜው መተዉ ግን ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጭሱ የበሰበሰውን አያወጣውም፤ አፍም ያቃጥላል። ለልጅ ልጆችዎ አያድርጉት። ለእርስዎም የቀሩትን ጥርሶች ማዳን ይቻላል፤ ሳይታዩ አይቅሩ።

ከጅዳ | ማክሰኞ ከሰዓት 9፡15

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ጥርሴ ከባድ ሕመም ነበረው፣ ሌሊት ሌሊት ልቤ የሚመታው ጥርሴ ውስጥ ነው የሚመስለኝ። ስተኛ ይብሳል፣ ስቀመጥ ይሻላል። ማዳሜ ፋርማሲ ወስዳ አሞክሳሲሊን ገዛችልኝ። ጨረስኩት። ሕመሙ ጭራሽ ጠፋ፣ ቀዝቃዛም ሙቅም አይሰማኝም። ድኛለሁ ብዬ ተውኩት። አሁን ግን ጥርሱ ግርጌ ድዴ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ወጥታ አንዳንዴ መግል ታወጣለች። አታምም። ችግር አለው?

ፋርማሲስት_ጎንደር | ማክሰኞ ከሰዓት 10፡20

እህቴ፣ ይህን ነገር እኛ ፋርማሲ ላይ በየቀኑ የምናየው ነው። ሰው ጉንጩን ይዞ ይመጣና «አሞክሳሲሊን አንድ ስትሪፕ» ይላል። በጥርስ ውስጥ ያለው ነርቭ ሲሞት የደም ሥሩም አብሮ ይሞታል። መድኃኒት የሚሄደው በደም ነው። ደም በሌለበት አይደርስም። ባክቴሪያው የሞተው ነርቭ ውስጥ ተቀምጦ ይራባል፤ አንቲባዮቲክ ዙሪያውን ያረጋጋና ተመልሶ ይመጣል። በመሃል ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ጥርስ ውስጥ መወተፍ፣ አረቄ መያዝ፤ እባካችሁ ተዉ። ድድ ተቃጥሎ ነጭ ሆኖ የመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ቅርንፉድ ትንሽ ያደነዝዛል፣ በውስጡ ዩጂኖል የሚባል ነገር ስላለ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ማስታገሻ ይሆናል፣ ሕክምና ግን አይደለም። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም የሌለበት አዋቂ ሰው ከምግብ በኋላ አይቡፕሮፌን ወስዶ ጠዋት ሐኪም ቤት ይሂድ። ለልጅ ደግሞ አስፕሪን ጨርሶ አይሰጥም፤ ፓራሲታሞል በኪሎዋ ልክ።

ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ከታችኛው መንጋጋ የተነሳ መግል ወደ አንገት ወርዶ የአየር መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል። ሰው ይሞትበታል።

ጥርስ_ሐኪም | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡00

ከጅዳ ላለሽው እህቴ፣ ፋርማሲስቱ በትክክል ነግሮሻል። ሕመሙ የጠፋው ስለዳንሽ አይደለም። ነርቩ ስለሞተ ነው። ያቺ ብጉር ከሥሩ ጫፍ ያለው መግል ራሱን የሚያስተነፍስባት ቀዳዳ ናት። ስላላመመችሽ አትተያት፤ አጥንት እየተበላ ነው የሚሆነው።

ያለሽ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው መንቀል። ሁለተኛው ሩት ካናል የሚባለው የሥር ህክምና። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ይፈራል፣ ስለዚህ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ። ማደንዘዣ ትወጊያለሽ። ጥርሱ ላይ የላስቲክ መጋረጃ ይደረግና ከምራቅ ይለያል። ከአናቱ ይከፈታል። በየሥሩ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አለ፤ መንጋጋ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ነው። ሐኪሙ እንደ ቁጥሩ እየወፈሩ በሚሄዱ ስስ መፋቂያ ሽቦዎች ይጠርገዋል፣ በመሃል መሃል ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በሚባል ፈሳሽ ያጥበዋል። ሽቦው እስከ ሥሩ ጫፍ መድረሱን በራጅ ወይም በመለኪያ መሣሪያ ያረጋግጣል። ሲደርቅ ጉታ ፐርቻ በሚባል የላስቲክ ዓይነት ነገር ይሞላዋል። አንዳንዴ በአንድ ቀን ያልቃል፣ መግል ካለ ግን ሁለተኛ ቀጠሮ ይኖራል። ጥርሱ የሚበዛው ክፍሉ ስለተበላ በቀላሉ ይሰበራል፤ ስለዚህ መንጋጋ ከሆነ ከላይ ክራውን የሚባል እንደ ቆብ ያለ ሽፋን እንዲለብስ ይመከራል።

ትክክል ሲሠራ ማደንዘዣ ስላለ አያምም። የሚያመው ሳይታከም የሚያድረው ነው። አሠሪሽ ህክምና ካልፈቀደችልሽ በየአገሩ ያሉ የኢትዮጵያ ማህበረሰብ ማህበራትን ጠይቂ። ፊትሽ ማበጥ ከጀመረ ግን ማንንም አትጠብቂ።

ከጅዳ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡30

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አርብ እረፍቴ ነው፣ እሄዳለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ረቡዕ ከሰዓት 8፡00

ከአሜሪካ ነው። እዚህ ሩት ካናልና ክራውን ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ወገብ ይሰብራል። ኢንሹራንስ ላለውም ኢንሹራንሱ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ አንድ መንጋጋ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ እዚያው ጥርሱን ሠርቶ ይመለሳል። እኔም አስቤያለሁ። ዶክ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው የምመጣው፣ ይበቃል?

ጥርስ_ሐኪም | ረቡዕ ከምሽቱ 1፡45

ይበቃል፣ ግን በመጣህ በማግስቱ ጀምር። ብዙዎች የሚመጡት ሊሳፈሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው፤ ያኔ ሳይደርቅ ይሞላል ወይም ክራውኑ ከላብራቶሪ ሳይደርስ ይቀራል። ራጅ ሳያነሳ ሩት ካናል ልሥራልህ የሚል ካለ ተነሳና ውጣ። ሲያልቅም የመጨረሻውን ራጅ በስልክህ አስላክ፤ ነገ እዚያ ችግር ቢነሳ የሚያይልህ ሐኪም ይፈልገዋል። እንዲህ ያለ ወጪ ላይ ከመድረስህ በፊት ደግሞ ሌሎቹን ጥርሶችህን አስመርምር። ትንሽ ቀዳዳ ማስሞላት ከሩት ካናል ጋር ሲተያይ ዋጋው በጣም ትንሽ ነው፤ እዚያም እዚህም።

አዳማ_እናት | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡20

ላሳውቃችሁ መጣሁ። መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ራጅም አላነሱም፤ ከፍተው አዩና «ልጅ ስለሆነች መንቀሉ ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀልሻል» አሉኝ። ዶክተር ቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ሌላ ቦታ ወሰድኳት። ራጅ ተነሳች። ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ አሳየችኝ፤ ከኢናሜሉ ሥር ጥቁር ጥላ አለ፣ ነርቩ ጋ ግን አልደረሰም። ማደንዘዣውን ከመውጋቷ በፊት ድዷን ጣፋጭ ጄል ቀባቻት። ልጄ እጄን ጨብጣ ነበር፣ ግን አላለቀሰችም። ቀዳዳው ተጠርጎ ጥርሱን በሚመስል ነጭ ነገር ተሞላ፣ በሰማያዊ መብራት ደረቀ። እኔ የገረመኝ መጠኑ ነው። ከውጭ የብዕር ነጥብ የምታክል ነበረች፤ ተጠርጎ ሳየው ምስር ያክላል።

ሌሎቹ ሦስቱ ስድስተኛ ጥርሶችም በቅለው ነበር። ስንጥቃቸውን ሲላንት በሚባል ነገር ሸፈነችልኝ። መሰርሰሪያም መርፌም የለውም። ባለቤቴ ማታ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና የራሱን አፍ በመስታወት ማየት ጀመረ።

ጥርስ_ሐኪም | ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡00

ደስ አሰኘሽኝ። ያ ቀላል ነው ተብሎ የሚነቀል ጥርስ ዋጋው ኋላ ነው የሚመጣው። ስድስተኛው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ያጋድላሉ፣ በላይ ያለው ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ከስንት ዓመት በኋላ የማኘክ ችግር ሆኖ ይመጣል። ሊነቀል የሚገባው ጊዜ የለም አልልም፤ ከጥገና በላይ ሲሆን ይነቀላል። ግን የመጀመሪያ መልስ መሆን የለበትም።

ሲላንቱንም ጥሩ አድርጋለች። ስድስተኛው ሲበቅል ስንጥቁ ጥልቅ ነው፣ የቡርሽ ፀጉር አይገባበትም። ለብዙ ወራትም ከጎረቤቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ ቡርሹ ከላዩ አልፎ ይሄዳል። እስኪስተካከል ድረስ ቡርሹን አግድም አዙረሽ ከጎን አስገቢው።

ሌሎች ለሚያነቡት ደግሞ፦ መሰርሰሪያ የሌለበት፣ መብራትም የሌለበት ቦታ ቢሆን መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረ ዘዴ አለ፤ የበሰበሰው በእጅ መሣሪያ ብቻ ይጠረግና ፍሎራይድ የሚያወጣ ግላስ አዮኖመር በሚባል ሙሌት ይዘጋል። ወንበር ላይ መቀመጥ ለማይችል ትንሽ ልጅ ደግሞ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ይቀባል። መበስበሱን ያቆመዋል፤ ቦታውን ግን ያጠቁረዋል፣ ይህን ወላጅ ቀድሞ ማወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም፣ ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

የወንጂ_ልጅ | እሁድ ከጠዋቱ 4፡10

ፍሎራይድ ፍሎራይድ ስትሉ እኔ ቅር ይለኛል። ወንጂ ነው ያደግሁት። የኛን ጥርስ እዩት፤ ቡናማ ነው። ስስቅ በእጄ መሸፈን ልማዴ ነው። ካምፑ ውስጥ ወገባቸው ደርቆ መታጠፍ ያቃታቸው አባቶች ነበሩ። ያደረገን የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ነው ተብሏል። ታዲያ በሳሙና ውስጥ ጨምሩበት ትሉናላችሁ?

ጥርስ_ሐኪም | እሁድ ከሰዓት 7፡30

ወንድሜ፣ ቅሬታህ እውነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በስምጥ ሸለቆ፣ ከወንጂና መተሐራ እስከ ዝዋይና ከዚያም በታች፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ስለሚያሟሟ በብዙ ቦታ ከመጠን በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆኑ ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱ የሚበላሸው ኢናሜሉ ገና በድድ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ፣ ከስምንት ዓመት በፊት በሚዋጠው ነው። አጥንቱን የሚጎዳው ደግሞ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ነው። ያ የጥርስ መበስበስ አይደለም፣ ሌላ በሽታ ነው። ቡርሽ አያስለቅቀውም። መካከለኛ ከሆነ ዛሬ ወለሉን በማስጠረግ ወይም በማስሸፈን መልኩን ማስተካከል ይቻላል፤ እጅህን ከአፍህ ላይ የምታነሳበት መንገድ አለ።

የሳሙናው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ታሪኩ ራሱ ከእናንተ ዓይነት ቦታ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1901 ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሄዶ የከተማው ሰው ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። እሱና ባልደረቦቹ ሲያጠኑ እነዚያ ቡናማ ጥርሶች እምብዛም እንደማይቦረቦሩ አስተዋሉ። ምክንያቱ የውሃው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በትንሽ መጠን፣ በጥርሱ ወለል ላይ ሲሆን፣ የወጣው ማዕድን ተመልሶ እንዲገባ ያግዛል፤ አዲሱም ወለል አሲድን የበለጠ ይቋቋማል። የሚጎዳው ሲዋጥ፣ በብዛት ሲዋጥ ነው። ሳሙና ይተፋል።

ስለዚህ በእናንተ አካባቢ ቀዳሚው ጉዳይ የልጆች መጠጥ ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ፣ የወንዝ የተጣራ ውሃ፣ ወይም ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ከተገኘ ለትንንሾቹ ይቅደም። ማፍላት አይቀንሰውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጨምራል። ሳሙናው ላይ ደግሞ ልጅ እንዳይውጥ ቆሞ መጠበቅ።

ወይራ_መፋቂያ | እሁድ ከምሽቱ 1፡15

አባቴ 80 አልፏቸዋል፤ ቡርሽ ይዘው አያውቁም። በወይራ መፋቂያ ነው የኖሩት፣ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ስለዚህ ሳሙናው ግድ ነው ማለት ይከብደኛል።

ጥርስ_ሐኪም | እሁድ ከምሽቱ 2፡05

ዕድሜ ይስጣቸው። መፋቂያ በደንብ ከተያዘ ፕላክ ያነሳል፤ ወይራም ክትክታም። ጫፉ ታኝኮ ፀጉር ሲያወጣ፣ ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ ሲሆን ጥሩ ነው። አባትህ ግን በልጅነታቸው ሲጠጡ የነበረውን አስብ፤ የታሸገ ጭማቂና ለስላሳ አልነበረም። የዛሬ ልጅ ሌላ አፍ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ ሰው በመፋቂያ የፊቱን በደንብ ይፍቅና የምላስ በኩሉንና የኋላውን ይተዋል። እንጨቱ ፍሎራይድም የለውም። መፋቂያውን ጫፉ ላይ ትንሽ ሳሙና አድርጎ መጠቀም ይቻላል። ጫት የሚቅም ሰው ካነበበኝም፣ ከስኳርና ከለስላሳ ጋር ለሰዓታት ጉንጭ ውስጥ መያዝ ጥርስን አንገቱ ላይ ነው የሚበላው፤ ቢያንስ ውሃ ይሁን የሚጠጣው።

ጤና_ኤክስቴንሽን | ሰኞ ከጠዋቱ 3፡00

አንድ ነገር እንዳይረሳ ልበል። እኔ የምሠራበት ቀበሌ እስካሁን ግግ የሚያስወጡ አሉ። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠውን ቦታ በሽታ ነው ብለው በሽቦ ወይም በጥፍር ይፈነቅሉታል። ያ በሽታ አይደለም፤ ሊበቅል ያለ የክራንቻ ጥርስ ነው። ከሥሩ የተኛው ቋሚ ጥርስም አብሮ ይጎዳል። መሣሪያው ንጹሕ ስላልሆነ ቴታነስ አለ፣ ደም መፍሰስ አለ። ሕፃኑን የሚያድነው ኦአርኤስ የሚባለው በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የተቅማጥ ውህድና ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ለአያቶች ጭምር አንብቡላቸው።

ከነታንያ | ሰኞ ከሰዓት 9፡40

እስራኤል ያላችሁ፣ የልጆች የጥርስ ህክምና እስከ 18 ዓመት በኩፓት ሆሊም (በጤና መድን ድርጅቶቹ) በኩል እንደሚሸፈን ብዙ አዲስ ገቢ ወላጅ አያውቅም። ምርመራና ሙሌትም ውስጡ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ።

እናት_ጀማሪ | ሰኞ ከምሽቱ 4፡00

ዶክተር ይቅርታ፣ እኔም ልጠይቅዎት። ልጄ አንድ ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ስምንት ጥርስ አለው። ሌሊት ያለ ጡጦ አይተኛም፤ ወተቱ ውስጥ ትንሽ ስኳር አደርግለታለሁ፣ ካልሆነ አይጠጣም። ጥርስ ገና ነው ብዬ ቡርሽ አልጀመርኩም።

ጥርስ_ሐኪም | ሰኞ ከምሽቱ 4፡35

እህቴ፣ ጽዳት የሚጀምረው የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል ነው። ሕፃን ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፤ ጣፋጩ ወተት የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጣል። የታችኞቹን ምላሱ ይሸፍናቸዋል፣ ስለዚህ የሚበሉት የላይኞቹ ናቸው።

አሁኑኑ የላይኛውን ከንፈሩን ገለጥ አድርጊና ከድዱ ጥግ ያለውን የጥርስ ክፍል እዪ። ነጭ ደብዛዛ መስመር ካለ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው፤ ፍሎራይድ ቫርኒሽ ቀብቶ ሊያቆመው ይችላል። ቡናማ ሆኖ ከተሸራረፈም እንደዚያው፣ ግን በፍጥነት።

ስኳሩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀንሺው፤ ከዚያ የሌሊቱን ጡጦ በውሃ ተኪው። ጥቂት ሌሊት ያለቅሳል፣ ይለምዳል። ማታ ከመተኛቱ በፊት በሕፃን ቡርሽ የሩዝ ፍሬ የሚያህል የፍሎራይድ ሳሙና አድርገሽ ጥረጊለት። ሦስት ዓመት ሲሞላው አተር ወደሚያክል ታሳድጊዋለሽ። ትልልቆች ደግሞ፣ ከቦረሻችሁ በኋላ ትፉ እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ሌሊት እዚያው ይቆይ። ራስሽም ማንኪያውን በአፍሽ ቀምሰሽ አትስጪው፤ ባክቴሪያው ከአንቺ ወደሱ ያልፋል።

እናት_ጀማሪ | ሰኞ ከምሽቱ 5፡10

ገልጬ አየሁት። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች በአንዱ ላይ እርስዎ ያሉትን ዓይነት ነጭ መስመር አለ፣ በድዱ ጥግ። ቡናማ አይደለም። ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ። ቫርኒሹ በየስንት ጊዜ ነው የሚቀባው?

ጥርስ_ሐኪም | ሰኞ ከምሽቱ 5፡20

በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ፣ እንደ አደጋው። የሚያይሽ ሐኪም ይወስናል። ከተቀባ በኋላ የዚያን ቀን ማታ አትቦርሺው፤ ጠንካራና ትኩስ ነገርም አትስጪው። ለጊዜው ጥርሱ ቢጫ ቢመስል አትደንግጪ፣ በማግስቱ ይለቃል።